የመኪናዋ ኪሎ የት ገባ?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«መምህር፣ እንደምን አሉ? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና፣ ሰበቃ በሌለው፣ 30 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ከቆመችበት ተነስታ 40 ሜትር ትወርዳለች። ታች ስትደርስ ፍጥነቷ ስንት ነው? እኔ 28 ሜትር በሴኮንድ አገኘሁ። መልሱ ግን 19.8 ነው ይላል። 1,200 ኪሎው ደግሞ የትም ቦታ አልገባም። ታዲያ ለምን ተሰጠ? አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስነግረው "የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ከባዶው ይብሳል፤ ኪሎ እንዴት አይገባም?" ብሎ ሳቀብኝ። ማን ነው ልክ?»

ሦስታችሁም ልክ ናችሁ ብል አትሳቂብኝ። 19.8 የጥያቄው መልስ ነው። ያንቺ 28ም ስሌቱ አልተበላሸም፤ የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው እንጂ። አጎትሽም ልምዳቸው አልዋሻቸውም። እሳቸው የሚያወሩት ግን ፈተናው ላይ ስለሌለ መንገድ ነው። ቀስ ብለን እንሂድበት።

ከ28 እንጀምር። ይቺን ቁጥር እንዳየኋት ነው ያወቅኋት። በየዓመቱ ትመጣብኛለች። ከቆመበት ለሚነሳ ነገር የፍጥነቱ ስኩዌር 2 በአክስለሬሽኑ በርቀቱ ነው፤ 9.8 ደግሞ የስበት አክስለሬሽን ነው። 2 በ9.8 በ40 ሲባዛ 784 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ ልክ 28። እንዲህ ጥርት ያለ ቁጥር ሲወጣ ተማሪ ደስ ብሎት ያልፋል። ግን 28 የምን መልስ ነው? መኪናዋ 40 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል ቀጥ ብላ ብትወድቅ መሬት ስትነካ የሚኖራት ፍጥነት ነው። ያንቺ መኪና ግን ገደል አልገባችም። ቁልቁለቱ ከሥር ይዟት፣ በእሱ ላይ ተንሸራታ ነው የወረደችው። ስለዚህ ስህተቱ ካልኩሌተሩን ከመንካትሽ በፊት ነው የተፈጠረው። ስዕል ሳልሽ ወይ? አልሳልሽም ብዬ እወራረዳለሁ።

ከመሳላችን በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር። ክፍል ውስጥ «ፎርስ» የምንለውን እዚህ ኃይል እለዋለሁ። «ኢነርጂ»ን ግን እንዲሁ እተወዋለሁ፤ እሱንም ኃይል ካልኩት መያዣ መጨበጫው ይጠፋናል። ፍሪክሽን ሰበቃ ነው። አክስለሬሽን ራሱን አክስለሬሽን ይሁን።

አሁን ወረቀት አምጪ። ቁልቁለቱን ሳይው። ታዲያ 45 ዲግሪ አታስመስይው። 45 ላይ ሳይንና ኮሳይን እኩል ስለሆኑ ዓይንሽ የትኛው ትልቅ፣ የትኛው ትንሽ እንደሆነ አይለይልሽም። ጋደም አድርገሽ፣ 20 ዲግሪ ያህል ብታስመስይው ይሻላል። መኪና መሳል አያስፈልግም። ጎማ፣ መስኮት፣ ስፖኪዮ ሁሉ ይቅር። ሳጥን በቂ ነው። ለምን ሳጥን እንደሚበቃ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሳጥኗ ላይ ስንት ኃይል አለ? ሁለት ብቻ። አንዱ የመሬት ስበት ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ 1,200 በ9.8፣ ማለትም 11,760 ኒውተን። ሁለተኛው ወለሉ ከሥር የሚደግፍበት ነው፤ ኖርማል ፎርስ የምትሉት። እሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ አይደለም የሚያየው። ከወለሉ ጋር ቀጤ ነክ ስለሆነ ወለሉ ሲያዘነብል እሱም አብሮ ያዘነብላል። በቃ። ብዙ ተማሪ «መኪናዋን ወደ ታች የሚገፋ» ብሎ ሦስተኛ ቀስት ይጨምራል። ማን ነው የሚገፋት? ሞተሩ አይሠራም፣ ከኋላ የሚገፋ ሰው የለም። ቀስት በሳልሽ ቁጥር «ይሄ የማን ነው?» በይ። ባለቤት የሌለውን ቀስት አጥፊው።

ቀጥሎ ወረቀቱን ራሱን አዙሪው። ቁልቁለቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ። አሁን መንገዱ ሜዳ መሰለ፣ የወለሉ ድጋፍ ቀጥ አለ፣ ያዘነበለው ስበቱ ብቻ ሆነ። አንድ ያዘነበለ ቀስት መበተን ሁለት ከመበተን ይቀላል። መኪናዋ የምትሄደውም በዚያው በመንገዱ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ሂሳቡ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ያልቃል።

ስበቱን ለሁለት በትኚው። አንደኛው ድርሻ ወደ ወለሉ የሚጫን ነው፤ 11,760 በኮሳይን 30፣ ወደ 10,184 ኒውተን። መኪናዋ ወለሉ ውስጥ አትሰምጥም፣ ከወለሉም ዘላ አትነሳም። ስለዚህ ወለሉ ያንኑ ያህል መልሶ ይገፋታል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። ሁለተኛው ድርሻ በቁልቁለቱ ላይ ነው፤ 11,760 በሳይን 30፣ 5,880 ኒውተን። ይሄኛውን የሚያጣፋው የለም። ሰበቃ ቢኖር ኖሮ የእሱ ሥራ ነበር። 5,880 ለ1,200 ሲካፈል 4.9 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር። አክስለሬሽኗ ይሄ ነው። ከዚያ 2 በ4.9 በ40፣ 392። ስኩዌር ሩቱ 19.8 ሜትር በሴኮንድ፣ በሰዓት ወደ 71 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሚፈጅባት ጊዜ 19.8 ለ4.9፣ ማለትም 4.04 ሴኮንድ።

ሳይን ይሁን ኮሳይን የሚጠፋባቸው ብዙ ናቸው። እኔ በቃል አጥኑት አልልም፤ ፈተና ላይ ሲደነገጥ መጀመሪያ የሚጠፋው በቃል የተያዘ ነው። ይልቅ ሁለቱን ጫፎች ሞክሪ። ቁልቁለቱ 0 ዲግሪ ቢሆን መንገዱ ሜዳ ነው፤ የቆመች መኪና ሜዳ ላይ በራሷ አትሄድም። 0 ላይ ዜሮ የሚሆነው ሳይን ነው። 90 ዲግሪ ቢሆን ገደል ነው፣ አክስለሬሽኑ ሙሉው 9.8 መሆን አለበት። 90 ላይ 1 የሚሆነው አሁንም ሳይን ነው። አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። ኮሳይን የተጠቀመ ሰው ይሄን ጥያቄ 26.1 ብሎ ነው የሚመልሰው። ወረቀት ሳርም 26.1 ካየሁ ስዕሉን ሳላይ ምን እንደተሠራ አውቃለሁ።

ካልኩሌተሩ «ስህተት» ብሎ እምቢ ካለሽ ደግሞ አንቺን አይደለም፣ እሱን ጠርጥሪ። በዲግሪ ፈንታ በራዲያን ተቀምጦ ይሆናል። የ30 ራዲያን ሳይን ኔጌቲቭ ነው፣ የኔጌቲቭ ስኩዌር ሩት ደግሞ አይሰጥሽም።

አሁን ወደ ኪሎው። ሲባዛ ገባ፣ ሲካፈል ወጣ። ይሄ የአልጀብራ አጋጣሚ ሊመስልሽ ይችላል፣ ግን ከኋላው የሚገርም ነገር አለ። መጠነ ቁስ፣ ማለትም በኪሎ የምንለካው «ማስ»፣ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ መሬት ምን ያህል አጥብቃ እንደምትስብሽ ይወስናል። ሁለተኛ፣ ከቦታሽ ለመነቃነቅ ምን ያህል እንደምትለግሚ ይወስናል። 1.2 ቶን መኪናና 12 ቶን መኪና ጎን ለጎን አቁሚ። ትልቁ አሥር እጥፍ ይሳባል። አሥር እጥፍም ይለግማል። በአንድ እጁ የተቀበለውን በሌላው ይመልሳል። ሰበቃም አየርም ከሌለ ሁለቱም 4.9 ናቸው፣ እኩል ወርደው እኩል ይደርሳሉ።

ታዲያ 1,200 ለምን ተሰጠ? አንዳንዴ ለቀጣዩ ንዑስ ጥያቄ ነው፤ የወለሉ ድጋፍ ስንት ነው ተብለሽ ብትጠየቂ ኪሎው የግድ ያስፈልግሻል። አንዳንዴ ግን የተሰጠ ቁጥር ሁሉ መግባት አለበት ብሎ የሚያምን ተማሪን ለመያዝ የተጠመደ ወጥመድ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ወጥመድ አጥምጃለሁ። አላፍርበትም።

ቁልቁለት ላይ የሚወርድ ነገር እንዴት እንደሚፈጥን ለክቶ በቁጥር ያሳየው ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ጋሊሊ ነው፣ ከ1564 እስከ 1642 የኖረው። በነጻ የሚወድቅ ነገር ለእሱ ዘመን መሣሪያ በጣም ይፈጥን ነበር። ስለዚህ ስበቱን አቀጠነው። ቦይ ያለው ረጅም ጣውላ ትንሽ አዘንብሎ የነሐስ ኳስ አንከባለለበት። የሴኮንድ ሰዓት አልነበረውም። ከዕቃ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ እየቀዳ፣ የተጠራቀመውን ውሃ በሚዛን እየመዘነ ነው ጊዜ የለካው! ያገኘው እንዲህ ነው፤ ኳሱ በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል 1 እጅ ቢሄድ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7 እጅ ይሄዳል። ያንቺን መኪና እንፈትናት። በመጀመሪያው ሴኮንድ 2.45 ሜትር። በሁለተኛው 7.35፣ በሦስተኛው 12.25፣ በአራተኛው 17.15። ደምሪው፣ 39.2 ሜትር። 40 ለመሙላት የቀራት ትንሽ ናት፣ ለዚያ ነው ጊዜው 4.04 የሆነው። ያለ ፎርሙላ መልስሽን የምታጣሪበት ዘዴ ነው።

ሌላ አቋራጭ አለ፣ ኢነርጂ። 40 ሜትር በ30 ዲግሪ ስትወርድ ቁመቱ 20 ሜትር ነው። ሰበቃ ከሌለ የከፍታው ኢነርጂ ሁሉ ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል። 2 በ9.8 በ20፣ ያው 392። የወለሉ ድጋፍ ከመንገዱ ጋር ቀጤ ነክ ስለሆነ ምንም ሥራ አይሠራም፣ ሂሳቡ ውስጥ አይገባም። መንገዱ ቢጠማዘዝ፣ መሃል ላይ ቢጎብጥ፣ አንዱ ቦታ 10 ሌላው 50 ዲግሪ ቢሆን ለኢነርጂ ግድ አይሰጠውም። ቁመቱን ብቻ ስጪው። ማዕዘኑ የሚለዋወጥ መንገድ ከተሰጠሽ እንዲያውም ያለ ኢነርጂ መንካት ራስን ማድከም ነው።

ጊዜ ከተጠየቅሽ ግን ኢነርጂ ዝም ይላል። ያው 20 ሜትር ቁመት በ15 ዲግሪ ቢሆን መንገዱ ከ40 ወደ 77.3 ሜትር ይረዝማል። ታች ስትደርስ ፍጥነቷ አሁንም 19.8 ነው። ጊዜው ግን ከ4.04 ወደ 7.8 ሴኮንድ ይሄዳል። «ቁመት እኩል ከሆነ እኩል ይደርሳሉ» የሚል ምርጫ ፈተና ላይ ካየሽ በዚህ ጣይው።

ሳጥን ለምን ይበቃል ያልኩት እዚህ ይመጣል። «ሰበቃ የሌለው» የሚለውን ሐረግ ተማሪ እንደ ጌጥ ነው የሚያነበው። ግን ከምር ከወሰድነው መኪናዋ መኪና መሆኗ ይቀራል። ጎማ የሚዞረው አስፋልቱ ከሥር ስለሚይዘው ነው። የሚይዘው ከሌለ አይዞርም፣ እንደቆመ ይንሸራተታል። ፍሬን ብትረግጪ ባትረግጪ ያው 4.9 ነው። ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን ነው፤ መኪናዋን የሚያቆማት አስፋልቱ ነው። መሪ ብታዞሪ ጎማው ወደ ጎን ያያል፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ መንገዷን ትቀጥላለች። ዝናብ በመታው ጭቃማ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ የተንሸራተተ ሹፌር፣ ወይም በረዶ ባለበት አገር የሚነዳ ዘመድ ካለሽ ጠይቂ። ያንን ስሜት ያውቁታል። ሌላም ይገርመኛል። ሹፌሮቻችን በግራ እግራቸው የሚረግጡትን «ፍሪሲዮን» ይሉታል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ሰበቃ! ሰበቃ ጨርሶ በሌለበት ዓለም ፍሪሲዮን ራሱ አይሠራም።

ጥያቄው «ሳይንሸራተት የሚንከባለል» ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ሰበቃ የግድ አለ። ኢነርጂ አያባክንም፣ ግን ጎማውን ያዞራል። ከኢነርጂው ከፊሉ ጎማ ማሽከርከር ላይ ስለሚሄድ ለመንገዱ የሚተርፈው ይቀንሳል። ያንቺ 1,200 ኪሎ ውስጥ አራት ጎማዎች እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ናቸው እንበል፣ እንደ ድፍን ሲሊንደር እንያቸው። መኪናዋ ለመነቃነቅ 1,240 ኪሎ እንደሆነች ያህል ትለግማለች፣ የምትሳበው ግን በ1,200ው ነው። አክስለሬሽኑ 4.74፣ የመጨረሻ ፍጥነቱ 19.5 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ለዚህ ነው ፈተና አውጪዎች ሳጥን አድርገው የሚያልፉት። መኪና ሳይሆን ድፍን ግንድ ብናንከባልል ግን 16.2 ብቻ ነበር የሚያወጣው።

ልጅ ሳለን በኩሽኔታ መኪና እንጫወት ነበር። ጣውላ፣ ከሥሩ ከጋራዥ የለመንነው አሮጌ ኩሽኔታ፣ በገመድ የሚታሰር መሪ። ሰፈራችን ቁልቁለት አስፋልት ነበረው። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ወፍራሙ ልጅ ነው። እኛ ጉልበቱ ይመስለን ነበር፤ ግን እኮ ተቀምጦ ነው የሚወርደው! አሁን ሳስበው ምክንያቱ ገባኝ። ኩሽኔታውን ማሽከርከር ለእሱም ለእኛም ያው ነው። እኛ ቀጫጮቹ ካለን ትንሽ ኢነርጂ ላይ ነው የምንከፍለው፣ እሱ ካለው ብዙ። አየሩም እንዲሁ።

እዚህ ጋ አጎትሽ ገቡ። እሳቸው ያዩት እውነት ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ከባድ መኪና እንውሰድ፣ አንዱ ባዶ 10 ቶን፣ አንዱ ጭኖ 30 ቶን። በአንድ ፍጥነት ሲሄዱ አየሩ ሁለቱንም እኩል ነው የሚገፋቸው፤ አየር የሚያየው ቅርጽና ፍጥነት እንጂ ጭነት አይደለም። 2,000 ኒውተን ነው እንበል። ባዶውን በ0.2 ያዘገየዋል። የጫነውን በ0.07 ብቻ። ስለዚህ በነጻ ከተለቀቁ የጫነው ይቀድማል። አየር ባይኖር ይሄ ልዩነት አይኖርም ነበር። አየሽ፣ ኪሎው ተመልሶ የገባው በስበት በር ሳይሆን በአየር በር ነው።

አጎትሽን የሚያሳስባቸው ግን ይሄ አይመስለኝም። የፍሬኑ ነገር ነው። ዓባይ በረሃን አስቢ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። 1,000 ብቻ እንያዝ። ሰበቃም አየርም ባይኖር ከላይ የተለቀቀ ማንኛውም መኪና ታች ሲደርስ 140 ሜትር በሴኮንድ፣ በሰዓት 504 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ቪትዝም ይሁን ባለ ተሳቢ። እስካሁን ኪሎ የለም። ግን ማንም በ504 አይወርድም፣ በዝግታ ነው የሚወረደው። ስለዚህ ያ ሁሉ የከፍታ ኢነርጂ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። የት? ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ላይ ደግሞ ኪሎ አይሰረዝም። 30 ቶን በ9.8 በ1,000 ሜትር፣ 294 ሚሊዮን ጁል። 40 ደቂቃ ፈጅተው ቢወርዱ በየሴኮንዱ 122,500 ጁል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል ብንል፣ 35 ምጣድ በአንድ ላይ ተለኩሶ 40 ደቂቃ እንደመቆየት ነው። ከዚያ ላይ አየሩና ጎማው ጥቂት ይወስዳሉ። ቀሪውን ሁሉ ለፍሬን ሸራና ለታምቡር ከተውሽው ይግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። ፍሬን እምቢ አለ የሚባለው ያኔ ነው። ያንቺ 1.2 ቶን መኪና በዚያው መንገድ በዚያው ጊዜ ብትወርድ አንድ ምጣድ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ለዚህ ነው አጎትሽ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ የሚመልሱት። ሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ልግመት ይሰጣቸዋል፤ ከኢነርጂው ብዙው በሞተሩ በኩል ይወጣል፣ ሸራው ያርፋል። ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ሰው ካጋጠመሽ 35ቱን ምጣድ ንገሪው።

ስለ ተሳቢ ካነሳን አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ፣ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። 1,200 ኪሎ መኪና 800 ኪሎ ተሳቢ አስከትላ ያንኑ ሰበቃ የሌለው 30 ዲግሪ ቁልቁለት በነጻ ትወርዳለች። የሚያያይዛቸው ብረት ላይ ስንት ኃይል አለ? አብዛኛው ተማሪ 800 በ4.9 አባዝቶ 3,920 ኒውተን ይላል። መልሱ ዜሮ ነው። መኪናዋ ለብቻዋ ብትወርድ 4.9፣ ተሳቢውም ለብቻው 4.9። አንዱ ሌላውን የሚጎትትበት ምክንያት የለም። ብረቱን ብትፈቺው እንኳ ሁለቱ እንደተጠጉ ተከታትለው ይወርዳሉ። 3,920 ትክክል የሚሆነው መኪናዋን በሆነ ነገር ካቆምሻትና ተሳቢው ከበታቿ ከተንጠለጠለ ነው። መልሱን ለማመን ካስቸገረሽ ለሁለቱም የየብቻ ስዕል ሳይ፣ ይወጣልሻል።

አንድ ሌላ ነገር፣ በአጭሩ። የመንገድ ምልክት ላይ የሚጻፈው ቁልቁለት በፐርሰንት ነው እንጂ በዲግሪ አይደለም። 10 ፐርሰንት ማለት 100 ሜትር ወደ ፊት ስትሄጂ 10 ሜትር ትወርጃለሽ ማለት ነው፤ ማዕዘኑ 5.7 ዲግሪ ብቻ ነው። አክስለሬሽኑ ሰበቃ ባይኖር 0.98 ገደማ ይሆናል። 10 ዲግሪ ብለሽ ከሠራሽው 1.7 ይሰጥሻል፣ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው።

ለቤት ሥራ ይቺን ውሰጂ። ያችው መኪና፣ ያው ቁልቁለት፣ ያው 40 ሜትር። አሁን ግን ከላይ ስትጀምር ቆማ ሳይሆን በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየሄደች ነው። ታች ስትደርስስ? መጀመሪያ 36ን ወደ 10 ሜትር በሴኮንድ ቀይሪ። 29.8 ከመጣልሽ 10ን ከ19.8 ጋር ደምረሻል ማለት ነው። የሚደመሩት ፍጥነቶቹ ሳይሆኑ ስኩዌራቸው ነው፤ በፍጥነት የገባች መኪና 40 ሜትሩን ቶሎ ስለምትጨርስ ስበቱ የሚያፈጥንበት ጊዜ ያጥራል። 22.2 ከመጣልሽ ለአጎትሽ አሳያቸው፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው በያቸው።